ወደ ውስጥ የምትለው «አዎ»

ሚስቴ አማረች እንግሊዝኛ እንደማትችል የነገራት ኮምፒውተር ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያላት ፍጡር አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ስትሠራ የወላዷን ካርድ የምትሞላው በእንግሊዝኛ፣ ከሐኪም ጋር የምትከራከረውም በእንግሊዝኛ ነው። እቤት ስንጣላ እንኳ የመጨረሻዋን ቃል እኔ እንዳይገባኝ በእንግሊዝኛ አጉረምርማ ነው የምትዘጋው። እኔ ካሣዬ እባላለሁ፤ እዚሁ ጎንደር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ኮምፒውተር ያለውን ሁሉ አላምንም። እሷ ግን አመነች።

ነገሩ የመጣው በማስታወቂያ ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአዋላጆች የሁለት ዓመት ትምህርት በነፃ እሰጣለሁ፣ ብቻ የእንግሊዝኛ ፈተና አልፋችሁ ኑ ይላል። አማረች ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ቆመች። ከተጋባን ጀምሮ ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትፈልግ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ካሣዬ፣ ይኼን መማር እፈልጋለሁ» አለች።

«ተማሪያ! ማን ከለከለሽ?» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ሌላ አለ።

ሆዴ ያለውን ልናገር፤ አሁን ምን ይደበቃል። ከእሷ ክፍል እንዲህ ባለ ትምህርት የሄዱት አራት ናቸው፤ የተመለሰ አንድም የለም። አንደኛዋ የሥራ ባልደረባዬ የኪዳነ ማርያም ሚስት ናት። ሁለት ዓመት ብላ ሄዳ ይኸው ስድስት ሞላት። ኪዳነ ማርያም ሰው በጠየቀው ቁጥር «ትምህርቷንስ ጨርሳለች፤ ወረቀት እየጠበቀች ነው» ይላል፤ ሸሚዙን ራሱ እየተኮሰ፣ ኮሌታውን እያቃጠለ። ስድስት ዓመት የሚጠበቅ ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ለእኔ ነው እንዴ ይኼ የሚነገረው? ወረቀት ሲጠፋ እኛ መዝገብ ቤት «በመፈለግ ላይ ነው» ብለን ባለጉዳይ እንመልሳለን። ኪዳነ ማርያምም ያንኑ ነው ለራሱ የሚመልሰው። እኔ ሁለተኛው ኪዳነ ማርያም መሆን አልፈለግሁም። በቃ፣ ይኼው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች። ማንበብ አለፈች፣ ማዳመጥ አለፈች፣ መጻፍ አለፈች። መናገር፣ ኮምፒውተር ጠይቆ ኮምፒውተር የሚያርመውን፣ ወደቀች። ወይ ጉድ! አምስት ሴት ባንድ ጊዜ ሲያምጡ አምስቱንም፣ ውጭ ያሉትን ባሎቻቸውንም ቀጥ አድርጋ የምታዝ ሴት እንዴት ነው መናገር የምትወድቀው? እኔ እንደሆንኩ ደስ አለኝ፤ ከንፈሬን ግን መጠጥኩላት።

እሷ መች የምትተው ሰው ሆነች? ከአራት ወር በኋላ ለሚሰጠው ፈተና ተመዘገበችና ፒያሳ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ፎቅ ላይ መምህር አብዮት ወደሚባል አሠልጣኝ ዘንድ መሄድ ጀመረች። የማሠልጠኛው በር ላይ የዓለም ካርታ ተስሏል፤ አገር ሁሉ አለ፤ እኛ ብቻ የለንም፤ እኛ የነበርንበት ላይ እጀታው ገብቷል። መምህር አብዮት ከባሕር ዳር ወዲያ ሄዶ አያውቅም። እንግሊዝኛ ሲናገር ግን አፍንጫው ውስጥ እንግዳ ያሳደረ ነው የሚመስለው።

«ሲስተር፣ ችግርሽ ኮንፊደንስ ነው» አላት።

መድኃኒቱንም አዘዘ። ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«ኤክቹዋሊ» ይጀመር፣ በ«ፎር ሹር» ይለቅ። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ ከራስ ጋር መጨዋወት። ከሁሉም በላይ ደግሞ እቤት ውስጥ አማርኛ አይነገር። የዚህ ሕግ ፖሊስ ሆና የተሾመችው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን ጸሎት ናት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሥልጣን ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግዜር አያሳያችሁ! ራት ላይ «በርበሬው በዛ» ብል «ዳድ! ኢንግሊሽ!» ብላ ትጮህብኛለች። የእኔ እንግሊዝኛ ማኅተም ላይ ያለው ብቻ ነው፤ «ሪሲቭድ» እና «አፕሩቭድ»። በእነዚህ በሁለቱ አንድ ወር ኖርኩ። አማረች በሩን ቆልፈሃል ወይ ስትለኝ «አፕሩቭድ»። ጸሎት ትምህርት ቤት ወላጅ ተጠርቷል ስትል «ሪሲቭድ»። እውነቱን ለመናገር በአማርኛ ስንኖርም ከዚህ ብዙ የበለጠ አንነጋገርም ነበር።

በዚህ መሐል የአማረች አባት፣ አያ ወንዴ፣ ለዓይናቸው ሕክምና ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። በሩን ገና ሲገቡ ጸሎት «ሃይ ግራንድፓ!» ብላ አለፈቻቸው። አማረችም ከጓዳ ብቅ ብላ ሕጉንና አባቷን ባንድ ጊዜ ለማክበር ስትጨነቅ በዝምታ ጉልበታቸውን ሳመች። አያ ወንዴ ኮፍያቸውን እንደያዙ ደንግጠው ቆሙ። እሳቸው ዘንድ ሰላምታ ማለት ሰውየው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ከብት ሁሉ በየተራ የሚጠየቅበት ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆናችኋል? ተጣልታችኋል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም አያ ወንዴ፣ እንግሊዝኛ ነው» አልኳቸው።

«እህ! እሱስ ሸጋ። እኔ ሰው የሞተባችሁ መስሎኝ።»

ለእሳቸው ሲባል ሕጉ ሳሎን ውስጥ ተነሣ፤ ጓዳና መኝታ ቤት ግን ጸንቶ ቆየ።

በመጡ በሳምንቱ ቅዳሜ ዕለት መምህር አብዮት ለአማረች የመለማመጃ ፈተና ሰጣት። ልክ እንደ ዋናው ፈተና አንድ የፈረንጅ ሴት ድምፅ ትጠይቃለች፣ ተፈታኙ ይመልሳል፣ ስልኩ ይቀዳል። አምስት ሰከንድ ድምፅ ካልሰማች ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አማረች መኝታ ቤት ዘግታ ገብታ ጨረሰች። በጣም ጥሩ እንደሠራች ነግራኝ፣ የቀዳችበትን አሮጌ ስልክ «ፒያሳ ስትወርድ ለአብዮት ስጥልኝ» ብላ ተረኛ ስለነበረች ወደ ሆስፒታል ሄደች።

እኔ ደግሞ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በእጄ የሚያልፍ ነገር ሳላይ አላሳልፍም። ሳሎን ከአያ ወንዴ ጋር ሻይ እየጠጣን ከፈትኩት።

«ዱ ዩ ላይክ ዩር ጆብ?» ትላለች ፈረንጇ። ጸጥ። «ኔክስት ኩዌስችን።» ልጆች አሉሽ ወይ? ጸጥ። ምነው፣ ጸሎትን ካደቻት እንዴ? የምትኖሪበትን ከተማ ትወጂዋለሽ? አሁንም ጸጥ። ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄ ዘጠኙ እንዲሁ ጭው ብሎ አለፈ። «ለምን?» እና «እንዴት?» ተብላ የተጠየቀቻቸውን ሦስቱን ብቻ እንደ ውኃ ነው የመለሰቻቸው። ስልኩ ተበላሽቷል ብዬ መታ መታ አደረግሁት።

«አያ ወንዴ፣ ሻይ ልጨምርልዎ?» አልኩ።

አያ ወንዴ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ብርጭቋቸውን ሞላሁና ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰውየው ምንም አላሉም እኮ! ድምፅ አላወጡም። አዎ ብለዋል፣ ሰምቻቸዋለሁ፣ ቀድቼላቸዋለሁ። ስልክ ግን እንዲህ ያለውን አዎ ከየት ያመጣዋል?

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እንደገና ሰማሁት። አለች። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ አለች። ትንሽ፣ ሳብ ያለች ትንፋሽ። አማረች ለዘጠኙም ጥያቄ አዎ ብላለች፤ ወደ ውስጥ።

እኛ ዘንድ አዎ ሁለት ነው። አንዱ በድምፅ ወደ ውጭ የሚወጣው ነው፤ ለዳኛ፣ ለስልክ፣ ጆሮው ለከበደ ሰው። ሌላው ትንፋሽ ስቦ ወደ ውስጥ የሚባለው ነው። ለቅርብ ሰው ነው የሚባል፤ ሰው ሲያምን፣ ነገሩ ሆዱ ሲገባ ሳያውቀው የሚለው ነው። ታገቢኛለሽ ወይ ስላት አማረች ያለችኝ ይህንኑ ነው። ድምፅ አልነበረውም፤ እኔ ግን ሰምቼ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ። ከዚያ ደግሞ አዎ ካለች በኋላ ዝም ትላለች፤ «እስቲ አጫውቺኝ» እስክትባል ትጠብቃለች። ያልተጠየቁትን መዘባረቅ ነውር ነዋ! ማሽኗ ደግሞ ነውር አታውቅም፤ አምስት ሰከንድ ቆጥራ ታልፋለች። እንግዳ ሆኖ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም «ሕፃኑ ደኅና ነው?» ብሏት እንዲሁ ሳብ አድርጋ አዎ ስትለው፣ ምን ታየሽ ብሎ ወደ አልጋው እየሮጠ እንደሄደ ነግራኝ ስቀን ነበር። ያኔ ነበር መባነን የነበረብን።

እንግዲህ አገር ምድሩ ያላወቀውን፣ የአፍንጫው መምህር ያላወቀውን፣ እኔ ካሣዬ አወቅሁ። ሚስቴ ለምን እንደወደቀች የማውቅ ብቸኛ ሰው ሆንኩ። ዝም ካልኩ ሁለተኛም ትወድቃለች፣ አትሄድም፣ እኔም ኮሌታዬን አላቃጥልም።

ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት!

ስልኩን ለአብዮት ሰጠሁት። ሰማውና «ኮንፊደንሱ ብሶባታል» ብሎ «ኤክቹዋሊ»ዋን በቀን መቶ ጊዜ አደረገባት። እሷም ትላለች። መስተዋት ፊት ቆማ «ኤክቹዋሊ፣ ኤክቹዋሊ» ስትል ከመኝታ ቤት እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ቁርሴን እበላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብዬ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ፤ ራሴም «በመፈለግ ላይ ነው» ነው ያለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ አማረች ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ያለቀሰች ትመስላለች።

«ካሣዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ? በሞቴ እውነቱን ንገረኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዛሬ አንዲት ልጅ ምጥ ይዟት ግፊ ማለት ሲገባኝ አፌ ተያዘ። ብናገርም የሚሰማኝ የለም የሚል ነገር ገባብኝ። ሌላዋ ነርስ ባትደርስልኝ…» አለችና ፊቷን ሸፈነች።

ይቺ ሴት የዚህን ከተማ ግማሽ ልጅ በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። በኮምፒውተር አይደለም አፏ የተያዘው፤ በእኔ ዝምታ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። ምክንያቱን ነገርኳት።

መጀመሪያ አላመነችኝም። «እኔ? ወደ ውስጥ?» አለች። «ታዲያስ» ስላት «እውነትህን ነው?» ብላ ትንፋሿን ሳበች። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የሳቅነውን ሳቅ አያ ወንዴ ከሳሎን ሰምተው «ሸጋ ነው፣ ታረቁ» አሉ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

«አሁን፣ ዛሬ» አልኩ። አቀፈችኝ። ከነውሸቴ አቀፈችኝ፤ እስከ ዛሬም አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኟ እኔ ሆንኩ። የድስት መክደኛና ማንኪያ ያዝኩ። ወደ ውስጥ አዎ ባለች ቁጥር ጓ አደርጋለሁ። እንጀራ ልጨምርልሽ? ሳብ፤ ጓ! ጸሎት መጣች? ሳብ፤ ጓ! «ወደ ውጭ በይ! ወደ ውጭ!» ቤቱ ደወል የበዛበት ትምህርት ቤት ሆነ። አያ ወንዴም ወደ ውስጥ ሲሉ አንድ ሁለቴ ተሳስቼ መታሁባቸው፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት ዓይናቸው ሳይሻል ነው። እሷ ግን አዎዋን ለወጠች። ሆስፒታልም ይዛው ገባች። አንዲት ከመካነ ብርሃን የመጣች ወላድ «ልጄ ደኅና ነው?» ብላ ስትጠይቃት «አዎ!» ብትላት፣ አስታማሚዋ «ምነው እቴ፣ ምን አጠፋን? ምን ያስቆጣሻል?» አለቻት አሉ።

መምህር አብዮት ምሥጢሩን እንደሰማ ገና በሳምንቱ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ «በእኛ የተፈለሰፈ የኤክስሄል (ወደ ውጭ የመተንፈስ) ሜተድ ተጀምሯል» ይላል። እስቲ አሁን ይኼን ሰው ምን ይሉታል!

ሁለተኛውን ፈተና አለፈች። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ በመናገር ከሁሉም የበለጠውን አመጣች። የቀረው የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በኮምፒውተር ፊት ለፊት የሚያነጋግሯት ነበር። ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። እኔ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቆሜ ኢንተርኔቱ እንዳይቆረጥ ስልኩን መስኮቱ ላይ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ሦስት ፈረንጆች ናቸው። ስለ ሥራዋ ጠየቋት፤ መለሰች። ስለ ወላድ፣ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ መንገድ ርቀት ጠየቋት፤ መለሰች። አንድም «ኤክቹዋሊ» አላለችም። እንዴት እንደኮራሁባት!

በመጨረሻ አንዷ ፈረንጅ ጎንበስ አለችና ጠየቀች። ይኼኛው ለእኔም ገባኝ። ተምረሽ ስትጨርሺ ወደ አገርሽ፣ ወደ ሆስፒታልሽ ትመለሻለሽ?

አማረችን አየኋት። ደረቷን አየሁት። ሳብ ታደርጋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«የስ» አለች። «አብሶሉትሊ።»

ጥርት ያለ፣ ወደ ውጭ የወጣ፣ እንከን የሌለው ነበር። ሦስቱም ፈገግ ብለው ጻፉ። መክደኛ የሚመታበት አንድም ስሕተት አልነበረውም። ወዲያው «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ቪዛውም ተከተለ፣ ኪዳነ ማርያምም መሥሪያ ቤት ውስጥ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ በሩ ላይ ቆምኩ። ጸሎት ትምህርት ቤት ናት። በዚያ ሁሉ ወር ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

«አማረች።»

«አቤት።»

«ትመለሻለሽ?»

«አዎ!» አለች፤ ቀና ብላ፣ ፊት ለፊት እያየችኝ፣ ልክ ለፈረንጆቹ እንዳለችው።

በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ፈርቼ አላውቅም። «እንዲህ ሳይሆን» አልኳት፤ «እንደ ድሮው በይልኝ።»

ሹራቧን እንደያዘች ቆም አለች። «እንዳልለው ሁለት ወር በማንኪያ ስትቀጠቅጥብኝ የከረምከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሹራቡን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችውና ሌላውን አነሣች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

አላለችውም።